ካልሲ ያጠለቀው እጅ

ወጌሻ ነኝ። የወለቀ አስገባለሁ፣ የተሰበረ አስራለሁ፣ የዞረ አሻለሁ። አባቴም ይህንኑ ነበር የሚሠራው። ባቱ ላይ ከዓሣ አስጋሪው እስከ ጋሪ ነጂው፣ ከአበባ እርሻ ሠራተኛዋ እስከ ባጃጅ ሾፌሩ በእጄ ያላለፈ ሰው ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ወይም ልተወው፤ ለጉራም ነው። ጉራዬን ያላወቀ ሰው ያን ቅዳሜ የያዘኝን ፍርሃት በልኩ አያውቀውም።

የከተማችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ሊግ ውስጥ ሲገባ ሕጉ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ የሕክምና ባለሙያ ይኑር ይል ነበር። የአዲስ አበባ ክለቦች ነጭ ቲሸርት የለበሱ፣ የተማሩ ፊዚዮቴራፒስቶች አሏቸው። የእኛ አቅሙ እዚያ ስላልደረሰ እኔን ቀጠረ። ለእኔ ሹመት ነበር። ቱታ ተሰጠኝ፤ ጀርባው ላይ የክለቡ ስም ተጽፎበታል። ተጫዋች በወደቀች ቁጥር ተመልካቹ «ወጌሻ! ወጌሻ!» እያለ ይጮኻል፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስሮጥ ደግሞ ያጨበጭብልኛል። በዚህ ዕድሜዬ የሚጨበጨብልኝ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ ይለመዳል።

በዓመቱ መጨረሻ ከላይ የጨረሱት አራት ክለቦች ለማጠቃለያ ውድድር አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰባሉ። ዋንጫው የሚወሰነው እዚያ ነው። ያን ዓመት ከአራቱ አንዱ እኛ ሆንን፣ ከተማውም አዳማ ሆነ። ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ዕረፍት፣ እሁድ ፍጻሜ። ቤቱን አከራይቶም ቢሆን ካልመጣሁ የሚል የባቱ ሰው ሞልቶ ነበር።

ያሳደግናት አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ኳስ የምታቀብለዋ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኳሱን ሳታይ ታነጥራለች፤ ዓይኗ ሰው ላይ ነው፣ እጇ ግን የራሱ ዓይን ያለው ነው የሚመስለው። አባቷ ጋሪ ነጂ ነው። ከዓመታት በፊት ፈረሱ ረግጦ እግሩን ሲሰብረው ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ከሐኪም በላይ የምታመነው እኔ ነኝ። ልጅቷ ክለቡ ውስጥ ከመግባቷ በፊት አበባ እርሻ ላይ ጽጌረዳ ትቆርጥ ነበር። አሁን እጇ እንጀራዋ ነው፤ የቤተሰቡም እንጀራ ነው። የአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክለብ ዓይኑን እንደጣለባትም ሁላችንም ሰምተናል።

ዓርብ የተጫወትንበት ሜዳ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከየት እየጠረገ እንደሚያመጣው እግዜር ይወቅ፣ ሲሚንቶው ላይ ይነሰንሰዋል። ልጆቹ በየደቂቃው የጫማቸውን ሶል በእርጥብ ፎጣ ይጠርጋሉ። በመጨረሻው ሩብ በጥቂት ነጥብ እየመራን ሳለ ልጅቷ ኳስ ነጥቃ ብቻዋን ወደ ቅርጫቱ ስትሮጥ እግሯ ከዳት። በቀኝ መዳፏ መሬት መታች።

«ወጌሻ! ወጌሻ!»

ሮጥኩ። እጇን ያዝኩ። ከአንጓዋ፣ በአውራ ጣቷ በኩል ስጫናት በጣቴ ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ደረቅ አሸዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲታሽ እንደሚለው ነው። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ልናገረው። ተሰምቶኛል። አባቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ወለምታ አይደለም፣ አጥንት ነው። ግን አሰልጣኙ ከላዬ ቆሞ «ምንድነው? ምንድነው?» ይለኛል፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ እኔን ያያል፣ ልጅቷም ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ወለምታ ነው» አልኩ።

«ለእሁድ ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች።»

ተጨበጨበልኝ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም ራሴ አመንኩት። ጣቴ የሰማውን ጆሮዬ እንዳልሰማ ሆነ።

ያለ እሷም ቢሆን ጨዋታውን ይዘነው ወጣን፤ ለፍጻሜ አለፍን። ክለቦቹ ሁሉ ያረፍነው አንድ ሆቴል ነው፤ የምንበላውም አንድ አዳራሽ ውስጥ። የእሁድ ተጋጣሚዎቻችን ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ፓስታ ይጠቀልላሉ። አሰልጣኙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እጇ መታሰሩን ካዩ ሁለት ሰው ይለጥፉባታል፤ ማንም ማወቅ የለበትም» አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ምን ልክ ነው! ግን ልክ ነው አልኩ።

ክፍሏ ውስጥ አስቀምጬ በዘይት አሸኋት። ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። አራት የቀርከሃ ስንጥር አንጓዋን ዙሪያውን አቁሜ በፋሻ ጠቀለልኩት። እሁድ ስትጫወት እንዳይላላ ብዬ ከወትሮው አጠበቅኩት፤ በደንብ አጠበቅኩት። ከዚያ አሰልጣኙ ረዥም ጥቁር ካልሲ አመጣ፣ የራሱን፣ ያልተለበሰ። ከጣቶቿ ጫፍ እስከ ክርኗ አጠለቅንላት። ከላይ የቱታዋን እጅጌ አወረድን። እጇን ኪሷ ውስጥ ስትከት ምንም አያስታውቅም። እኛም ተሳሳቅን፤ እሷም ሳቀች።

«እኔ ራሴ ካልፈታሁት ማንም እንዳይነካው» አልኳት። «አንቺም ጭምር። ከነኩት ይበላሻል።»

«እሺ ጋሼ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሞጆ ስልክ ተደወለልኝ። ባቱ ሳለ ትከሻውን ያሸሁለት አንድ ትራንዚተር ነው፤ እዚያ ደረቅ ወደብ ውስጥ ዕቃ ያስፈታል። ከጂቡቲ የመጣ ሾፌሩ ከመኪናው ጋቢና ሲወርድ ወድቆ ትከሻው ወልቋል። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ቢለው ሾፌሩ እምቢ ብሏል፣ ወጌሻ ይምጣልኝ ይላል። ሞጆ ለአዳማ ቅርብ ናት። ዕለቱም ዕረፍት ነው። አሰልጣኙን አስፈቀድኩና በሚኒባስ ሄድኩ።

መንገድ ላይ ሳለሁ ልጅቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። አሁን ደግሞ ጠዘጠዘኝ ማለትም አልችል፣ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ጀርባዬ ላይ የተጻፈውን አንብበው ከየትኛው ክለብ እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ሲይዝ ነው ልጄ። አጥንት ቦታውን ሲይዝ እንደሱ ያደርጋል። ቻይው።»

«ልፍታው እንዴ ትንሽ?»

«ምን አልኩሽ?»

«እሺ ጋሼ» አለች። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ስከት አንዱ ተሳፋሪ «ፕሮፌሰር ኖት እኮ» አለኝ። ደስ አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

የሾፌሩን ትከሻ ሳስገባ የነበረውን ማውራት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፣ አበቃ። ሾፌሩ በእንባው መሀል ሳቀ። «ገለቶማ፣ አባቴ፣ ገለቶማ» እያለ አመሰገነኝ። ጥብስ ታዘዘ። እኔ ክንዱን ከደረቱ ጋር እያሰርኩ ነበር። ቀኑ ነፋሻ ነው፤ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠናል።

«ጣቶቼንስ አይሸፍኑልኝም? አቧራ ነው» አለኝ።

«ጣት አይሸፈንም» አልኩት፣ ሳላስበው፣ እንደ ዳዊት ቃል በቃል። «ጥፍርህን እንዳየው ነው። የታሰረ እጅ ጥፍሩ ካልታየ፣ ደም መድረሱን በምን ታውቃለህ? ባለቤቱ ሳያውቀው እጁ ይሞታል።»

ይህን ስናገር የአባቴን ድምፅ ነው የሰማሁት። ከዚያ ጥቁሩ ካልሲ መጣብኝ።

ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም ብላኝ ነበር። ከታሰረ ስንት ሰዓቱ ነው? ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ አሰርኩት። አሁን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሰዓት።

ልጅ ሳለሁ አንድ ገበሬ እጁን ሌላ ወጌሻ አስሮለት አባቴ ዘንድ መጥቶ ነበር። አባቴ ፋሻውን ፈታ፣ አየ፣ መልሶ ሸፈነው። ራሱ ሐኪም ቤት አደረሰው። ከወር በኋላ ያን ሰው ገበያ ላይ አየሁት፤ የኮቱ አንድ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አባቴ ያኔ ሰላም ሊለው እየፈለገ የቱን እጁን እንደሚጨብጠው ግራ ገብቶት ሲቆም አስታውሳለሁ።

ደወልኩ። ያነሳችው አብራት አንድ ክፍል የምታድር ተጫዋች ናት።

«ተኝታለች ጋሼ። ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ነው ያደረው፣ አሁን ገና ሸለብ አደረጋት። ልቀስቅሳት?»

ማለት የነበረብኝ አሥር ቃል አይሞላም፤ ካልሲውን አውልቂ፣ ፋሻውን በመቀስ ቁረጪ፣ ለአሰልጣኙ ንገሪ። በምላሴ ላይ ነበር። ግን ብላት ክፍሉ ይሰማል፣ ክለቡ ይሰማል፣ ባቱ ይሰማል። እኔ ሄጄ ዝም ብዬ ብፈታው ግን ማን ያውቃል? ፈታ አድርጌ፣ ደም አስመልሼ፣ «ትንሽ ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት» ብዬ እወጣለሁ።

«ተያት፣ ትረፍ» አልኩ። «እኔ መጣሁ።»

ይህን ጽፌ ቆም ብዬ ነበር። ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። እንዲሁ ይሁን፤ ያልኩት ነው።

ጥብሱን ሳልነካ ተነሳሁ። ከሞጆ መውጫ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ጫፍና ጫፍ ገጥመው ቆመዋል። አንዱ መንገዱን ዘግቶ ሊዞር ሲል ተሰንቅሯል። ሚኒባሱ ሞተሩን አጠፋ። ሰዎች እየወረዱ ሸንኮራ ገዙ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ተቀምጬ የራሴን ጥፍር አየሁ። ጫንኩት፣ ነጣ፤ ለቀቅኩት፣ ቀላ። እንደገና ጫንኩት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የፈራሁት ለእሷ አልነበረም። የፈራሁት ለስሜ ነው። ቱታዬን ሲያስወልቁኝ ታየኝ። የአባቴን ስም ሲያነሱ ታየኝ። ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ሰዎች ድምፃቸውን ሲቀንሱ ታየኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጋሪ ነጂው የመጣብኝ፤ ልጁን ሊቀበል መናኸሪያው በር ላይ ጋሪውን አቁሞ፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ቀኟን ሲፈልግ። ያን ጊዜ ስሜን ረሳሁት። ለስሜ የፈራሁት እንደ ጉንፋን ነበር፤ ይኼኛው ግን ሌላ በሽታ ነው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ አሁን ሁሉንም ልናገር ነው፣ ጮክ ብዬ፣ ሚኒባሱ ሙሉ ቢሰማም። ስልኳ ተዘግቷል፤ እንድትተኛ ብላ ጓደኛዋ አጥፍታው ይሆናል። እንደገና ደወልኩ። ተዘግቷል። የአሰልጣኙን ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ለነገው ጨዋታ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስልክ ይዞ መግባት የከለከለው ራሱ ነው።

መንገዱ እስኪከፈት የተቀመጥኩትን ያህል በሕይወቴ ተቀምጬ አላውቅም። ስለት ተሳልኩ። አባቴን ተሳደብኩ፤ ለምን አስተማርከኝ ብዬ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሾፌሩን ቶሎ በል እያልኩ ስነዘንዘው «አባት፣ ይውረዱና ይቅደሙን» አለኝ፣ ሰው ሳቀ።

አዳማ መናኸሪያ ስደርስ ባጃጅ ያዝኩ። «ፋዘር፣ ሰው ታሞቦት ነው?» አለኝ ልጁ ፊቴን አይቶ። አዎ አልኩት። ያን ቀን መጀመሪያ የተናገርኩት እውነት ለባጃጅ ሾፌር ሆነ።

ሆቴሉ ግቢ አሰልጣኙ ከስብሰባ ወጥቶ ቆሟል። «እንዴት ናት ልጃችን? ለነገ?» አለኝ። ደረጃውን በሩጫ ስወጣ ከኋላዬ ሲከተለኝ ኮቴውን እሰማ ነበር።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላብ ነው። እጇን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጣዋለች። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ።

«አልነካሁትም ጋሼ» አለች። «ብዙ ጊዜ ልፈታው አሰብኩ፣ ግን አልነካሁትም።»

ካልሲውን ሳብኩ፤ እምቢ አለኝ፣ ጣቶቿ አብጠው ይዘውታል። መቀስ አነሳሁ። ቆዳዋን ልወጋት ሆነ። አሰልጣኙ መቀሱን ከእጄ ነጠቀኝና ራሱ ቆረጠው። ጣቶቿ ወጡ። ከላይ ወጥሮ የሚያበራ ቆዳ፣ ጥፍሮቿ የአመድ ቀለም። ፋሻው ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው ሥጋ የስንጥሮቹን ቅርጽ ይዞ ሰርጉዷል። ጥፍሯን ጫንኩት። ነጣ። ለቀቅኩት። ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ ቆጠርኩ፤ ስምንት ላይ የሆነ ቀለም የመጣ መሰለኝ። ወይም ስለፈለግኩት መሰለኝ።

«ምንድነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ሐኪም ቤት» አልኩ። «አሁኑኑ።»

ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጠባብቀን ስንሄድ አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ትደርሳለች ያልከኝ አንተ ነህ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። እሷ ግን በጤነኛው እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። የምታጽናናው እኔን ነበር።

ራጅ ተነሳች። የተረኛዋ ሐኪም ከልጅቷ ብዙ የማትበልጥ ወጣት ናት። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አየች። አንጓዋ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃለች። ግን አጥንቷን ብዙም አላየችውም፤ ዓይኗ ጣቶቹ ላይ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያሰረሽ?» አለቻት።

«ራሴ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ሳታመነታ። «ስወድቅ ራሴ አሰርኩት።»

«አንቺ በአንድ እጅሽ ይህን አሰርሽ?»

«አዎ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «አባቷ ነዎት?»

አዎ ብል ማንም አይጠይቀኝም። አሰልጣኙም ዝም ብሏል። በሩም ክፍት ነው።

«ወጌሻዋ ነኝ» አልኩ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። አትፍቺው ያልኳትም እኔ ነኝ። ጠዋት ደውላ ደንዝዟል ብትለኝም ቻይው አልኳት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጅቷን ዓይንሽን ጨፍኚ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ በብዕር ጫፍ ነካች፤ የተነካው የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ አለቻት። አውራ ጣቷን አወቀች። ጠቋሚዋን አወቀች። መሐለኛዋን፣ ትንሽ ቆይታ፣ አወቀች። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ግን ሲነኩ ዝም ብላ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

ሐኪሟ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ደሙ እየተመለሰ ነው» አለችኝ። «ትንሽ ቢቆይ እጁን ነበር የምናጣው። አሁን የምፈራው ለነርቩ ነው። ሁለቱ ጣቶች እስከ ነገ ከተሰማቸው ጥሩ ነው። ካልተሰማቸው ግን ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ጥፍር መጫን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉና በየግማሽ ሰዓቱ ይጫኑ። ሁለት እስኪሉ ካልቀላ ይጥሩኝ።»

እጇን በትራስ ከፍ አድርገው አስቀመጡት። እኔ ተቀመጥኩ። ቅዳሜን እንደዚያ ጨረስኩ፣ እሁድንም እንደዚያ ጀመርኩ፤ ጫን፣ ልቀቅ፣ ቁጠር። ቅላቱ እየፈጠነ መጣ። እብጠቱም ጎደለ። እጁ ተረፈ አለች ሐኪሟ። እኔ ግን የሁለቱን ጣቶች ነገር ሳስብ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያቅተኝ ነበር። ኳስ የምትይዘው በእነሱ ነው። መዳፍ አይደለም ኳስ የሚያነጥረው፤ የጣት ጫፍ ነው። እሷ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። እሁድ ጠዋት ስነካቸው አሁንም ዝም አለች። አባቷ ከባቱ ለጨዋታው ተሳፍሯል አሉኝ፤ ሜዳው ላይ ሲያጣት ወደዚህ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ፍጻሜው ተጀመረ። የክፍል ጓደኛዋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆና ስልኳን ክፍት አድርጋ ታሰማታለች። እሷ በግራ እጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ትሰማለች፤ ነፋሱ ይሰማል፣ ፊሽካው ይሰማል፣ የባቱ ሰው ጩኸት ይሰማል። አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ «ምን ነካት!» እያለች ትቆጣለች። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኩል ሆኑ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ደረሰ፤ ጣቶቼን ይሞክሩልኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ዝም ብዬ ከምሰማ ይሻላል። ሊያልቅ ነው፣ መቻል አልቻልኩም።»

አውራ ጣቷን ነካሁ።

«አውራ ጣት።»

ቀጣዩን ነካሁ። «ጠቋሚ።» ቀጣዩን። «መሐል።»

የቀለበት ጣቷን ያዝኩ። ጫን አልኩት። በስልኩ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ አንድ ልጅ የቅጣት ኳስ ልትወረውር ነው መሰለኝ። እሷም ዝም አለች።

«የቀለበት ነው!» አለች በድንገት። «ጋሼ፣ የቀለበት ነው አይደል? ተሰማኝ!»

«ነው» አልኩ። «ነው ልጄ፣ ነው።» እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም፣ እሷም አላየችኝም። ተመስገን አልኩ። ወደ ትንሿ ጣቷ አለፍኩ።

ያኔ ከስልኩ ውስጥ ጩኸቱ ፈነዳ። የመጨረሻው ፊሽካ ነው። ጓደኛዋ «አሸነፍን! አሸነፍን!» እያለች ታለቅሳለች። ልጅቷ በአልጋው ላይ ተንጠራርታ ሳቀች፣ ዓይኗን ግን አልከፈተችም፤ ፈተናው አላለቀማ።

«አሸነፍን እኮ ጋሼ! ደግሞ ትንሿ ጣት ቀረች» አለችኝ እየሳቀች። «ምን ይጠብቃሉ? ይንኩኝ እንጂ።»

ትንሿ ጣቷ በሁለት ጣቶቼ መሀል ነበረች። የራሴ ጥፍር እስኪነጣ ድረስ እየጨመቅኳት ነበር።